የጎደለው ጥምዥ

ኅዳር 12

አራቱ ዓይነት እኩል አልወጡም። ገለባው የማይለቅ ጥቁር ገብስን፣ ታሽቶ ገለባው ከሚለቅ ነጭ የጥምዥ ገብስ ጋር አዳቅዬ፣ ዲቃላውን መልሼ ከነጭ ጥምዥ ጋር አዳቅዬዋለሁ። የቀለሙና የገለባው ዘረመል ካልተያያዙ አራቱም ዓይነት በእኩል መጠን መውጣት ነበረባቸው። ዛሬ በአባቴ ማሳ ስቆጥር ግን ባለ ገለባው፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ብዙ ሆነ፤ ጥምዡ፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ጥቂት።

የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ በስልክ፣ «እኩል ካልሆኑ ተያይዘዋል ማለት ነው። እንዲያ ብለሽ ጻፊና ተመረቂ» አሉኝ። አልጻፍኩም።

ኅዳር 13

ቢያያዙ ኖሮ የሚበዙት ወላጆቻቸውን የሚመስሉት፣ ጥቁሩ ባለ ገለባና ነጩ ጥምዥ፣ ነበሩ። የእኔ ነጭ ጥምዥ ግን ወላጁን መስሎም ጎድሏል። የጎደለው ጥምዥ የሆነው ሁሉ ነው። ይህ የመያያዝ መልክ አይደለም፤ አንድ ነገር ጥምዡን እየለየ ወስዶታል።

ውርጭ? ውርጭ አይመርጥም። ተንበርክኬ አየሁ። በእግር መንገዱ በኩል ዛላቸው የተቀነጠሰ አገዳዎች ቆመዋል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። ምንም አላፈሩም።

«እሸት ነዋ ልጄ። ስናልፍ እያሸን ቃምነው። ያ ባለ ገለባው ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ እሱንማ ትተንልሻል።»

አባቴ ሳቀ። «ጥምዥ መንገድ ዳር ዝሪ ብሎ ያስተማረሽ ማን ነው?» እሸት ለመንገደኛ እንደማይከለከል እያወቅሁ፣ በስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም።

ኅዳር 15

ለአማካሪዬ ደወልኩ። ማንም ያልነካቸው ባለ ገለባዎቹ ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ ጥቁርና ነጭ እኩል ነው፤ ቢያያዙ ጥቁሩ ይበዛ ነበር አልኳቸው።

«የተበላ እሸት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ዘንድሮ መመረቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ። ያልሆነውን ግን አልጽፍም። የቀረኝን ዘር በበልግ ዘርቼ እንደገና እቆጥራለሁ።»

«በራስሽ ኃላፊነት» ብለው ስልኩን ዘጉት። እሺም እምቢም አይደለም።

ኅዳር 16

አባቴ ለበልጉ የማሳውን መሐል ሰጠኝ። አጥር ልጠር ብዬ አላነሳሁም፤ ሰውን ከእሸት አላጣላም። በመንገዱ ዳር ለአላፊ አግዳሚው ያልተዳቀለ ጥምዥ እዘራለሁ። እትዬ አስካለ ሰምተው፣ «ጎሽ፣ ነጩን ይሁን» አሉ።

እሳቸው እዚያ ይጥገቡ። መሐሉን እኔ እቆጥራለሁ።