ለሰላምታ የማይበቃ ጥቅል

ለደጋ ድምፅ የስልክ አገልግሎት ድርጅት
የውጭ አገር ጉዞ ጥቅሎች ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮ ባልደረቦችዎ፣ በመጣሁ ቁጥር ‹‹ስብሰባ ላይ ናቸው›› የሚሉኝ ጸሐፊዎ ሁሉም ደህና ናቸው? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ዘንድ ጉና ጭጋጉን ተከናንቦ ደብረ ታቦርን በብርድ እየቆነጠጣት ነው፤ ለእርስዎ ግን ሙቀትና ሰላም እንዲበዛልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ሰላምታዬ ረዝሞብዎ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በወረቀት ላይ ደቂቃ ስለማይቆረጥብኝ እስክጠግብ ልበል ብዬ ነው።

ማስተዋል ይሻው እባላለሁ። የድንች ዘር በሽታ የማጠና የግብርና ባለሙያ ስሆን ሥራዬ ናይሮቢ፣ ኪጋሊና ካምፓላ ያመላልሰኛል። እንጀራዬም፣ እዚህ የማይገኘው የአባቴ የልብ መድኃኒትም የሚመጡት በዚሁ መንገድ ስለሆነ መንገዱን ልተወው አልችልም። አባቴ አቶ ይሻው አርጅተዋል፤ ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም ‹‹ብቻ አታስደንግጧቸው›› ብሎ ነው የሸኘን። እኔ በሌለሁበት ጊዜ አብሯቸው የሚሆነው ታናሽ ወንድሜ አዳነ ነው። ከድርጅትዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውጭ አገር ሳለሁ የአባቴን ድምፅ መስማት።

ድምፃቸውን ነው ያልሁት፤ ጽሑፍ አይበቃኝም። ምክንያቱን እርስዎም የዚህ አገር ሰው ስለሆኑ አያጡትም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሰው አገር ላለ ሰውማ ጨርሶ አይነገርም። ሰውየው ተመልሶ ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል፣ ዘመድና ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። እናቴ ያረፈች ጊዜ እኔ ኪጋሊ ነበርሁ። አዳነ ‹‹ደህና ናት፣ ተኝታለች›› እያለ ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔም እንቅልፍ ተመለሰላት ብዬ ደስ ሲለኝ ሰነበትሁ፤ ለካ ተቀብራለች። በአዳነ አልፈርድም፤ ወግ የሚያዘውን አደረገ። ከዚያ ወዲህ ግን ከሌላ ሰው አፍ የሚመጣ ‹‹ደህና ናቸው›› አያሳምነኝም፤ የማምነው አባቴ ራሳቸው ሲናገሩ ብቻ ነው። ስልኬ ጭጭ ባለ ቁጥር የዘጋብኝ ድርጅትዎ ይሁን ሞት ለይቼ አላውቅም።

ይህን ካስረዳሁ ዘንድ፣ ጊዜዎን እንዳላባክን፣ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ. ስለ ምርጫው ብዛት አመሰግናለሁ። ‹‹መንገደኛ›› የተባለው ጥቅልዎ ኢንተርኔት እንደ ጠበል እየረጨ የድምፅ ጥሪ የለውም፤ አባቴ ደግሞ የያዙት ባለ ቁልፍ ቀፎ ነው፣ የአዳነ ዘመናዊ ስልክም ቢሆን ኢንተርኔቱ ሲመጣ መብራቱ ስለሚሄድ ከሁለት ያጣ ነው። ‹‹ክንፍ›› የተባለው የድምፅ ጥሪ አለው፤ ነገር ግን ደቂቃዎቹ ጥቂት ናቸው፣ እኔ ለምሄድበት ኪጋሊ አይሠራም፣ ዘመዴም ጠላቴም ረግጦት ለማያውቅ የባሕር ላይ ደሴት ግን ይሠራል። ‹‹ወርቃማ›› የተባለውን፣ ከሁሉ የሚወደደውን፣ ገዝቼ ናይሮቢ ስገባ ስልኬ አንዴም ሳይጮኽ ከረመ፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል የሰማ መሆን አለበት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም ለካምፓላው ጉዞዬ ‹‹ክንፍ››ን መረጥሁ።

፪ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ጥቅል ውጭ አገር ሆኖ ለመግዛት የማረጋገጫ ቁጥር በሜሴጅ ይላካል፤ ሜሴጁ የሚደርሰው ግን ጥቅሉ ከተገዛ በኋላ ነው። ይህን ለማመልከት ያዘጋጁልን ባለ አጭር ቁጥሩ የደንበኞች አገልግሎት ደግሞ ከአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ለተቸገረው መንገደኛ የቀረው ብቸኛ አማራጭ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ መጠየቅ ነው። እኔም መጥቼ ጠይቄያለሁ። የተሰጠኝ መልስ ‹‹እዚህ ሆነው ሲደውሉማ ይሠራል›› የሚል ነበር፤ እውነት ነው፣ ይሠራል።

፫ኛ. ደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ያለችውን ሠራተኛዎን ብርቱካንን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋና አሽሙር የለበትም። ልጅቱ አሳዝኛት ቀስ ብላ ‹‹የሄድሽበትን አገር ሲም ካርድ ግዥ›› አለችኝ። ገዛሁም። ነገር ግን አባቴ የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም። እንግዳ ቁጥር ሲጠራ ስልኩን ትራስ ሥር ይከቱና ‹‹የማላውቀው ሰው ስለ ልጄ የሚነግረኝ ደግ ነገር የለም›› ይላሉ። እኔ የእሳቸውን መርዶ ስፈራ እሳቸውም የእኔን እየፈሩ፣ በመካከላችን የቆመው የድርጅትዎ ሲም ካርድ ብቻ ነው።

፬ኛ. ወደ ደቂቃዎቹ መጣሁ። የተከበሩ ሆይ፣ ‹‹ክንፍ››ን ያዘጋጀው ሰው ከዚህ አገር ሰው ጋር በስልክ አውርቶ ያውቃል? አባቴ ስልኩን ሲያነሱ ‹‹እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያረፍሽበት ቤት ሰዎች ደህና ናቸው? ያገሩ ዝናብ እንዴት ነው? ከብቱስ?›› ይላሉ። እኔም በተራዬ ስለ አዳነ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሰንበቴ ማኅበሩ፣ ስለ ጎረቤታችን ስለ አቶ ገብረ ማርያም በሬ ሳይቀር መጠየቅ አለብኝ። ‹‹ልብዎ እንዴት ነው? መድኃኒቱን ዋጡ?›› ወደሚለው ስንደርስ ጥቅሉ ያልቃል። ታዲያ ሰላምታውን ለምን አታሳጥሪውም ይሉኝ ይሆናል። አሳጠርሁት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያው ነው።

ካምፓላ ሳለሁ ድርጅትዎ ደቂቃዬ ሊያልቅ መሆኑን በትሕትና አሳወቀኝ። እኔም ብልሃት አገኘሁ ብዬ ‹‹አባዬ፣ ደህና ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፣ በሉ ደህና ይሁኑ›› አልሁና ዘጋሁ። በእኛ አገር እንዲህ የሚናገር ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ የሚሰናበት። አዳነ በኋላ እንደነገረኝ፣ አባቴ ስልኩን እንደያዙ ‹‹ልጄ ተሰናበተችኝ›› አሉ። አዳነን መልሰህ ደውል አሉት፤ እኔ ግን ጥቅሌ አልቆ ስለነበር ያነሳችው ያች በቴፕ የተቀዳችው ሴትዮዎ ናት፤ ‹‹የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም።›› አባቴ ሰው ያነጋገራቸው መስሏቸው ‹‹የት ሄደች ልጄ? አልቅሰሽም ቢሆን ንገሪኝ›› አሏት። እሷም በዚያ በለሰለሰ ድምፅ ደገመችላቸው። አባቴም ‹‹ይች ሴት ጨዋ ናት፣ መርዶውን በስልክ መናገር ከብዷት ነው›› ብለው ደረታቸውን ይዘው ወደቁ።

ሆስፒታል ወሰዷቸው። አዳነ በኢንተርኔት የጻፈልኝን፣ በሆቴሉ ዋይፋይ የደረሰኝን ልድገምልዎ፤ ‹‹አባባ ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል።›› እውነቱን ነበር፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው ነበር። እኔ ግን ያንን ቃል አውቀዋለሁ። ደወልሁ፣ አልሠራም። ጥቅል ልገዛ ሞከርሁ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ተጠየቅሁ። ከሆቴሉ ሰዎች ስልክ ለምኜ ደወልሁ፣ እንግዳ ቁጥር ስለሆነ አላነሱልኝም። የአዳነን ስጠራ ዝግ ነው። የሄድሁበትን ጉባኤ ጥዬ ተነሣሁ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ስመጣ ሐሙሲት ላይ አንዲት ሴት ‹‹ምን ሆነሽ ነው እህቴ?›› ብትለኝ ‹‹አባቴ ሞተዋል›› አልኋት፤ ማንም ሳያረዳኝ ራሴን አረዳሁ።

ሰፈራችን ስደርስ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በግቢያችን ተቀምጠዋል። በኋላ እንደገባኝ፣ ከሆስፒታል የወጡትን አባቴን ሊጠይቁ የመጡ ኖረዋል። እኔ ግን ሽማግሌ በደጄ ተቀምጦ ሳይ ምን ልበል? ሻንጣዬን ወርውሬ፣ ነጠላዬን አገልድሜ፣ ደረቴን እየመታሁ ‹‹አባቴን! አባቴን! ድንጋይ ፈንቅሎ ያሳደገኝን!›› እያልሁ ጮኽሁ። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶችም ተከትለውኝ ገቡና አብረውኝ አለቀሱ፤ በእኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። አቶ ገብረ ማርያም ‹‹ኧረ አንቺ ልጅ፣ ኧረ አሉ!›› እያሉ ቢለምኑኝ የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ይብስ ጮኽሁ።

አባቴ ያንን ሁሉ ከውስጥ ይሰሙ ነበር። በኋላ አዳነን ተደግፈው በር ላይ ወጡና ቆመው አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ‹‹ልጄ፣ ደግ አድርገሽ አለቀስሽልኝ፤ እንግዲህ ለቀብሬ ባትደርሺም አይቆጨኝም›› አሉኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ ይህን ቃል ስሰማ ምን እንደተሰማኝ በአማርኛም በሌላም ቋንቋ ልጽፍልዎ አልችልም። የገዛ አባቴን ከነነፍሳቸው አልቅሼ ቀበርኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልካቸውን ከአጠገባቸው አንስተው ለአዳነ ሰጥተውታል። ልጠብቅ የሚሉት ጥሪ የለም። ሰው መጠበቅ ሲተው ምን እንደሚከተል፣ ከማረፏ በፊት ‹‹መቼ ትመለሻለሽ?›› ማለት የተወችውን እናቴን ያየሁ ሰው ስለሆንሁ አውቃለሁ፤ እፈራለሁም። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ኪጋሊ እሄዳለሁ፤ መድኃኒታቸው ሊያልቅ ነው።

ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነው፤ ከእነዚያ ሁሉ ጥቅሎች መካከል፣ አንድ ሽማግሌ ከነሙሉ ሰላምታቸው የሚያወሩበት የትኛው ነው? ከሌለም የለም በሉኝ። ‹‹ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እየታየ ነው›› አትበሉኝ እባክዎ፤ እሱን የመሰለ መልስ እናቴ ስትሞት ጠግቤዋለሁ።

ለድርጅትዎ ስፋትን፣ ለምሰሶዎችዎ ጽናትን፣ ለእርስዎም ልጆችዎ በደወሉ ጊዜ ሁሉ የሚነሣ ስልክን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማያልቅ ትዕግሥት ጋር እሰናበታለሁ፤ ይህ ስንብት ግን በእኛ አገር ወግ ረጅም ስለሆነ አይደንግጡ።

ማስተዋል ይሻው
ከደብረ ታቦር

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ አባቴ ጠሩኝና እጃቸውን ዘርግተው፣ የመጨረሻውን፣ በሞት ሰዓት የሚሰጠውን ምርቃት ጀመሩልኝ። ‹‹ስልኩ አይታመንም፣ እዚህ ሳለሽ ተቀበይኝ›› አሉ። ቅድመ ክፍያ የሚባለውን ነገር ድርጅትዎ ይህን ያህል አስተምሯቸዋልና ሊኮሩ ይገባዎታል። መርቀው ጨርሰዋል፤ እኔ ግን አሜን ማለት አቅቶኛል፤ እጃቸውም እንደተዘረጋ ነው። አሜን ልበል አልበል፣ መልስዎን እየጠበቅሁ ነው።