መብራታችንን ያጠፋንበት ሳምንት

ሰኞ

በእንጉዳይ እርሻችን ቁጥር ስድስት ክፍል ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። በሩን ስከፍት ጨለማ ነው፤ የግንባር መብራቶቻቸው ብቻ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ቀስ እያሉ ይንሳፈፋሉ። ለአፍታ ሕልም ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። የኛን ሰዎች ከመብራታቸው እለያቸዋለሁ። የሉፔ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የራሞን አንድ ቦታ አይቆምም። እነዚህን አላወቅኋቸውም።

ፎርማኑ ወደ ሌላ ክፍል ላከን። እዚያ ያለው እንጉዳይ ከምሳ በፊት ተለቅሞ አለቀ። «በቃ፣ ወደ ቤት» አለን።

ወደ ሳን ሆዜ ስንመለስ እንደ ሁልጊዜው የምትነዳው ሉፔ ናት። ራሞን ከኋላ ሆኖ አወራ። ሰዎቹን ያመጣቸው ሠራተኛ የሚያቀርብ ኮንትራክተር ነው። በሣጥን የሚከፈላቸው ከኛ በጣም ያነሰ ነው። ወረቀት የላቸውም። የሠራተኛ ማኅበራችን፣ የዩኒየናችን፣ ኮንትራት ሊታደስ ሲል ነው የመጡት።

«አንድ ስልክ ነው የሚያስፈልገው» አለ። «ሚግራ መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ እኛም ሥራችንን እናገኛለን።»

ሚግራ የሚለው የኢሚግሬሽን ፖሊሱን ነው። ሉፔ መንገዱን እያየች ነዳች።  እኔ በልቤ እውነቱን ነው አልኩ። ሬንት አለብኝ። ልጄን ማክዳን ጫማዋ ጠቧታል። እኔ በዲቪ፣ በበር ነው የገባሁት። ይህን ሁሉ በልቤ ደረደርኩት፤ ደርድሬም ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ

ጉም። መንገዱ አይታይም፤ እርሻው ጋ የደረስነው እየተንፏቀቅን ነው።

እጄን ስታጠብ ከአዲሶቹ አንዷ አጠገቤ መጣች። ኢርማ ትባላለች። ከኛ ጋር እንዳያወሩ ተነግሯቸዋል መሰለኝ፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። የኔ እስፓኒሽ የእንጉዳይ እስፓኒሽ ነው፦ ቢላ፣ ሣጥን፣ ቶሎ፣ ትልቁን ተዪው። ግን ተግባባን።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ አልኳት። ሩቅ መሆኑን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

«በእግርሽ ነው?»

በአውሮፕላን አልኳት። አፈርኩ፤ ለምን እንዳፈርኩ እንጃ። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

ልትሄድ ስትል ዞር አለችና «የዩኒየን ሰዎች ይጠሏችኋል ተብለናል። እውነት ነው?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ፎርማኑ ጠራት።

ማታ ራሞንን ካወረድነው በኋላ ሉፔ መኪናውን ግሮሰሪው ፊት ለፊት አቆመችው። ሞተሩን አላጠፋችም።

«ሚሃ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፣ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ሉፔ የሥራ ስሜ ነው። ወረቀቱ የኔ አይደለም። ራሞን ከደወለ መጀመሪያ የሚያገኙት እኔን ነው።»

እንጉዳይ አዙሮ መቁረጥን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዩኒየን ያስገባችኝም እሷ ናት። ስብሰባ ላይ ፊት ተቀምጣ ከአለቃ ጋር የምትከራከር ሴት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ ይህን ይዛ ነበር የምትተኛው?

እውነተኛ ስሟን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። የሚያምር ስም ነው።

ረቡዕ

ሥራ የለም ተባልን። ማክዳን ትምህርት ቤት አድርሼ ኦክላንድ ሄድኩ። ጋሽ ንጉሤ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለው ካፌ የመስኮቱ ጥግ ተቀምጠው ማኪያቶ ሲጠጡ አገኘኋቸው። ስም ሳልጠራ ነገሩን ነገርኳቸው።

«ሕግ ያለበት አገር ነው፣ ሰናይትዬ» አሉ። «ሰው ተሰልፎ ነው መግባት ያለበት።»

«እርስዎ ሱዳን ሲገቡ ተሰልፈው ነበር እንዴ፣ ጋሼ?»

ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። አልተቆጡም። ወደ ውጭ አዩ። አውቶቡሱ ቆሞ ሄደ፣ ሌላ መጥቶ ቆመ።

ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭዱ የነበረውን አወሩኝ። ወረቀት አልነበራቸውም። ከሻ መጣ ሲባል፣ የፖሊሶቹ አፈሳ ማለት ነው፣ ሰሊጡ መሃል በጀርባቸው ይተኛሉ። ሰማዩ ነጭ ነበር አሉ። ትንፋሻቸውን ይዘው ሰማዩን ሲያዩ ሰሊጡ እላያቸው ላይ ይወዛወዛል። አንዳንዴ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳቸውና ሲነሱ መኪናው ሄዷል፤ አጠገባቸው የነበረው ሰውም የለም።

«ማን ነበር የሚጠራቸው?» አልኳቸው።

«ባለ እርሻው ነዋ። ደመወዝ ሊደርስ ሲል። ፖሊስ ከወሰደን ለማን ይከፍላል?»

 ልነሳ ስል «ሕጉን እንጃ» አሉኝ። «ስልኩን ግን አንቺ አትደውዪው።»

በቤይ ብሪጅ አቅጣጫ ፀሐይዋ ጉሙ ውስጥ ስትገባ እያየሁ ነዳሁ። መውጫዬን አልፌው ሄጄ ነበር። ማክዳን የወሰድኳት ዘግይቼ ነው። «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ አልኳት።

ሐሙስ

የዩኒየኑ ስብሰባ በራሞን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ወንበሮቹ የልጆች ናቸው፤ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ከዩኒየኑ የመጣችው ኤስቴላ ናት። ወጣት ናት፣ ድምጿ አይጮህም። ነገሩ አዲስ አይደለም አለች። በአያቶቿ ዘመን የእርሻ ዩኒየኖች አድማ የሚሰብሩትን ሰዎች ራሳቸው ለኢሚግሬሽን ይጠቁሙ ነበር። ብዙ ዩኒየኖች ያንን የተዉት አይተው ስለተማሩ ነው፤ የተባረረው ሰው ቦታ ላይ በማግስቱ ሌላ ወረቀት የሌለው ሰው ቆሞ ይገኝ ነበር። አሁን አቋማችን ማንም የሚለቅም ሰው ይግባ ነው አለች። በዚህ ግዛት ወረቀት የሌለውም ሰው ዩኒየን መግባት ይችላል።

ራሞን ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ ነው የተናገረው። ሚስቱ ታማለች፣ ሰዓቱ ከቀነሰ ኢንሹራንሱ ይቀራል። «እነሱን አልጠላም» አለ። «እኔም ድሮ እንደነሱ ነበርኩ፤ መንግሥት ባወጀው ምሕረት ነው ወረቀት ያገኘሁት። ግን ዩኒየኑ የነሱን ሲያስብ የኔን ማን ያስብልኝ?» ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔም ላጨበጭብ እጄ ተነስቶ ነበር።

ሉፔ እንደ ሁልጊዜው ፊት ተቀምጣለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንገቷን ከኋላ እያየሁ ሳላስበው ቆምኩ።

በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፣ ኤስቴላ ወደ እስፓኒሽ መለሰችው። የተናገርኩትን ሙሉ በሙሉ አላስታውስም፤ ጆሮዬ ውስጥ ውኃ ያለ ነበር የሚመስለኝ። ኢርማ የጠየቀችኝን ነገርኳቸው። የጋሽ ንጉሤን ሰሊጥ ነገርኳቸው። «ባለ እርሻው ይደውል የነበረውን ስልክ ዛሬ እኛ በነፃ እንደውልለት?» አልኩ። ተቀመጥኩ። 

አዲሶቹን አባል እናድርግ አናድርግ ቅዳሜ ድምፅ እንሰጣለን። ራሞን ሲወጣ አጠገቤ ቆመና «አልደውልም ብዬ ቃል አልገባሁም» አለኝ።

አርብ

ጻፊው ጻፊው ይለኛል፣ እጄ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነው።

ሥራ በዝቶ ስለነበር ሁላችንንም ቁጥር ስድስት አስገቡን፣ አዲሶቹንም እኛንም። ትናንት የአውራ ጣት ጥፍር ያክል የነበረው ዛሬ እጥፍ ሆኗል። እንጉዳይ ሲያድግ ማንም አያየውም፤ ዞር ብለህ ስትመለስ አድጎ ታገኘዋለህ።

ከውጭ አንድ ልጅ ሮጦ መጣና «ነጭ መኪናዎች፣ የማይታወቁ» ብሎ ሄደ።

አንድ መብራት ጠፋ። ሌላ ጠፋ። እኔም የራሴን አጠፋሁ፤ እኔ እኮ ወረቀት አለኝ፣ ግን አጠፋሁ። በመጨረሻ ምንም አይታይም። እርጥብ አፈር ይሸታል። የሰው ትንፋሽ ከላይኛው መደርደሪያም ከታችኛውም ይሰማል፤ ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። የአንድ ሰው እጅ እጄን ያዘኝ። የማን እንደሆነ አላወቅሁም። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፣ ከፍርሃት ብዛት ይሆን? ጋሽ ንጉሤ ያሉት ገባኝ።

በሩ ተከፈተ። ብርሃኑ ውስጥ አንድ ሰው ጀርባውን ወደኛ ሰጥቶ፣ እጆቹን መቃኖቹ ላይ ዘርግቶ ቆመ። ራሞን ነው። ከውጭ ላሉት «እዚህ መግባት ክልክል ነው፣ መድኃኒት ተረጭቷል» ሲል ሰማሁት። ምንም መድኃኒት አልተረጨም።

ሰዎቹ ማቀዝቀዣ ሊጠግኑ የመጡ ነበሩ። ሌላው ክፍል ነው የሚፈልጉት።

መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። እጄን የያዘችኝ ኢርማ ነበረች። ሣቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሉፔ መሰላሉ ላይ ተቀምጣ ቢላዋን ታብሳለች፣ የጸዳውን ቢላ ደጋግማ።

በመኪና ስንመለስ ራሞን ራሱ ጀመረ። «ትናንት ማታ ደውዬላቸው ነበር። ሳያነሱት ዘጋሁት።» ሉፔ በመስታወቱ አየችው። «በር ላይ ቆመሃል» አለችው። 

ቅዳሜ

ድምፁ አለፈ። ይገቡ ተባለ። በብዙ አይደለም። ራሞን ለየትኛውም ወገን እጁን አላነሳም። ሲያልቅ ግን ውጭ ሲጠብቁ ወደነበሩት ሄደና የሣጥን ሒሳብ እንዴት እንደሚያጭበረብሯቸው ያስረዳቸው ጀመር፤ በቁጣ፣ ልክ የነሱ ጥፋት እንደሆነ። ኢርማ ፈረመች። ሁሉም አልፈረሙም፤ ሁለቱ እናስብበት ብለው ሄዱ። ኩባንያው ምን እንደሚያደርግ ኤስቴላም አታውቅም። «ሊያባርራቸው ይሞክር ይሆናል፤ ያን ጊዜ አብረን እንቆማለን» አለች። እንግዲህ እናያለን።

እሑድ

ቅዳሴ ላይ ቆሜ አንቀላፋሁ። ማክዳ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሌላ የምጽፈው የለም፤ ደክሞኛል፣ ደስ የሚል ድካም ነው።

ሰኞ

ሉፔ ልትወስደኝ አልመጣችም። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ደወልኩ፣ አይነሳም። ራሞን በራሱ መኪና መጣ፤ እሱም ደውሎላታል። የወረቀቷን ነገር አልነገርኩትም፣ ግን ሳይገባው አልቀረም። ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም እናያለን።

እየለቀምኩ በሆዴ እውነተኛ ስሟን እጠራለሁ። ኢርማ «ሉፔ የት ናት?» ስትለኝ ታማለች አልኳት። አላመነችኝም።

በምሳ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ ለስላሳ፣ የልጅ ድምፅ ይመስላል።

«ሚሃ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። አላርሙን አልሰማሁትም። በሕይወቴ አላርም ሳልሰማ ቀርቼ አላውቅም።»

 ራሞን ፊቴን እያየ ይጠብቃል።

«ተኝታ ነው» አልኩት።

ሳንድዊቹን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ትተኛ» አለ። «ንገሪያት፣ ዛሬ ትተኛ። የሷን መደርደሪያ እኛ እንለቅመዋለን።»