ስለ ተቀነሱት አሥራ ሁለት መቀመጫዎች

ለክቡር የከተማችን ምክር ቤት ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ያልደከመ፣ ከለስላሳው ወንበርዎም ያልተነሡ ሆነው ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የጉልበቴ ነገር ከምክር ቤቱ ሥራ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ ከዚህ በታች በአክብሮት አስረዳለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ የዚህን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት በታይፕ የጻፍኩ ጡረተኛ ነኝ። ከዚያ በፊት ያስተማሩኝ የኔታ በቃል ጽሕፈት ላይ አንዲት ቃል የዘለለ ተማሪ ገጹን ሃያ ጊዜ ደግሞ እንዲጽፍ ያደርጉ ነበር። “ቃል የጣለ ሰው ይጥላል” ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ጣቶቼ እየዛሉ በልቤ አማርሬያቸዋለሁ፤ ዛሬ በዚህ አደባባይ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

እንደሚታወቀው ባለፈው ዓመት እኛ ነዋሪዎች ፈርመን፣ የምክር ቤቱ አባላት ከሃያ አራት ወደ አሥራ ሁለት ዝቅ እንዲሉ ጠይቀን ነበር። ከተማችን የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ከዳር እስከ ዳር በእግር የምታልቅ ሆና ሳለ፣ ሃያ አራት መካሪ ማግኘቷ የምክር ጥጋብ ያመጣባታል ብለን ሰግተን ነው። እርስዎም ጥያቄያችንን በደስታ ተቀብለው በሙሉ ድምፅ አጸደቁልን። ሰፈርተኛው “አቶ እደግፋለሁ” ብሎ የሚጠራቸው አባል ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ሁለቱንም እጃቸውን በማንሣታቸው፣ ከሃያ አራት ሰው ሃያ አምስት ድምፅ ተቆጥሯል። እንዲህ ያለ አንድነት በዕድሜዬ አላየሁም፤ አመሰግናለሁ።

ከውሳኔው በኋላ ትርፎቹን ወንበሮች እንዲያነሣ ለአናጺው የተላከው ትእዛዝ ግን “በአዳራሹ ያሉት ሃያ አራት መቀመጫዎች ወደ አሥራ ሁለት ይቀነሱ” ይላል። “የአባላት” የምትለው ቃል ወድቃለች። በአዳራሹ ደግሞ ከፊት ሃያ አራት ባለ ስፖንጅ የአባላት ወንበሮች፣ ከኋላ ሃያ አራት የእንጨት የነዋሪ ወንበሮች አሉ። አናጺው ቅን ሰው ነውና “ጌታዬ፣ የትኞቹን ላንሣ?” ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ አውራ ጣትዎን ወደ ኋላ እንደ ጠቆሙት ራሱ ነግሮኛል። እነሆ ምክር ቤቱ ተቀነሰ፤ ሃያ አራታችሁም አላችሁ። እኛም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴትዮ ሆነን ቀረን።

ቅሬታዎቼ ስምንት ነበሩ። የእርስዎን አቀናነስ ብከተል ስምንቱንም በቦታቸው ትቼ አንባቢዎቹን ግማሽ አደርግ ነበር። እኔ ግን በሌላ ሒሳብ ስላደግሁ አራት አድርጌያቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ከተረፉት አሥራ ሁለት የነዋሪ ወንበሮች አራቱ ላይ የአባላት ካፖርት ይቀመጣል። ካፖርቶቹ ከባለቤቶቻቸው ይልቅ ስብሰባ ሳያቋርጡ ስለሚከታተሉ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ሆኖም ጉልበቴ ግድግዳ ተደግፎ ሦስት ሰዓት መቆም አይችልም፤ ከላይ ያነሣሁት ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የስብሰባው ደንብ “መናገር የሚፈልግ ነዋሪ ከመቀመጫው ተነሥቶ ፈቃድ ይጠይቃል” ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር በገዛ ጣቶቼ ጽፌዋለሁ። ስጽፈው ሰዎች ለአክብሮት ብድግ እንዲሉ የታሰበ መስሎኝ ነበር፤ መቀመጫ የሌለውን ሰው አፍ መዝጊያ እንደሚሆን ለማየት የእርስዎ ዐይን ያስፈልግ ነበር።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ገታ አደርጋለሁ። ወደ ታችኛው ሰፈር የሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ ሁለት ሳንቃ ወድቆበታል። ምክር ቤቱ ሁለት ሳንቃ ከማስመታት ይልቅ ድልድዩን ጨርሶ መዝጋት ይሻላል የሚል ሐሳብ ይዟል። ሰፈሩን የምታዋልደው አዋላጅ በዚያ ድልድይ አምስት ደቂቃ ይበቃታል፤ በዋናው መንገድ ስትዞር አንድ ሰዓት ይወስድባታል፤ ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ባለፈው ስብሰባ ይህን ልትናገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበርና እጇን አወጣች። እርስዎም በትሕትና “እኅቴ፣ በደንቡ መሠረት ከመቀመጫዎ ይነሡ” አሏት። “ኧረ ክቡር ሰብሳቢ፣ ቆሜያለሁ እኮ!” ብትልዎ፣ “ያልተቀመጠ ሰው እንዴት ይነሣል?” ብለው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። አባላቱ ሳቁ። ከመካከላችን አንዱ “እንግዲያው ካፖርቱ ይናገርልን፤ እሱ ተቀምጧል” አለ፤ በዚህ ግን የሳቅነው እኛ ብቻ ነበርን። ስለ ድልድዩ የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው የፊታችን ሐሙስ ነው።

አራተኛ፣

(ይህ ቁጥር ባዶ የሆነው ቦታ አጥቶ ሳይናገር ለተመለሰ ሰው ስለ ተያዘ ነው። እባክዎ ካፖርት እንዳይቀመጥበት።)

ክቡር ሰብሳቢ፣ በአንድ ነገር ላጽናናዎ። ሃያ አራታችሁም አንድ ጊዜ፣ በተለይ በዝናብ ወራት፣ ያን ድልድይ በእግራችሁ ብትሻገሩ ኖሮ የነዋሪው ፊርማም የእናንተም ድምፅ ሳያስፈልግ ቁጥራችሁ እስካሁን በራሱ ጊዜ በቀነሰ ነበር።

እስከዚያው ድረስ እርስዎን ለማስቸገር ስላልፈለግን ሐሙስ ዕለት መቀመጫችንን ተሸክመን እንመጣለን። አናጺው አሥራ ሁለቱን ወንበሮች አልፈለጣቸውም፤ በሥራ ቤቱ ደርድሮ አቧራቸውን እየጠረገ አስቀምጧቸዋል፤ ትእዛዙ “ይቀነሱ” እንጂ “አይመለሱ” አይልም ብሎ ቃል በቃል አንብቦልኛል። ፀጉር አስተካካዩ የሚሽከረከረውን ወንበሩን፣ እኔ የታይፕ ወንበሬን እናመጣለን። አዋላጇ የምታመጣው ዝቅ ያለች በርጩማዋን ነው። ከአባላቱ የሰባቱን ልጆች እዚያች ላይ ተቀምጣ ነው የተቀበለቻቸው። በዚያን ጊዜ ማናቸውም ስለ ደንቡ እንዳላነሡባት አስታውሳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እዚያች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያም በደንቡ መሠረት ትነሣለች። የቀረው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው።

ለመቀነስ ባሳያችሁት ቆራጥነት የተደነቅሁ፣ ላለመነሣት ባሳያችሁት ጽናት ይበልጥ የተደነቅሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ለልምምድ ብዬ ቆሜ የጻፍኩ፣

የምክር ቤቱ የቀድሞ ታይፒስት፣ የታችኛው ሰፈር ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀጣዩ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የሚጎድል ቃል እንዳይኖር ለጸሐፊዎ ያሳስቡልኝ። “መቀመጫ” በጨዋ ቋንቋ የሰውነት ክፍል ስምም ነው። አናጺው የታዘዘውን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ነው፤ መጋዙንም ሰሞኑን ስሎታል።