ሲደርስ ምን ቀለም ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቀለሙን የምመርጠው እኔ ነኝ! እኔ ራሴ! ሰላም ሳልልሽ ዘልዬ ገባሁ ደብተሬ፣ ይቅር በይኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለማን ልንገር ስል ነው የዋልኩ። ባለቤቴ አያሌው ስፌቱ ላይ እንዳቀረቀረ "እሰይ፣ እሰይ" አለኝና መልሶ ክር ፍለጋ ገባ። እሱ እንዲህ ነው። እንግዲህ አንቺ ስሚኝ።

ማኅበራችን መውቂያ ማሽን ተከራይቶ ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሜዳ ላይ አቁሞታል። ገበሬው ነዶውን በአህያ ጭኖ ይመጣል፣ ያስወቃል፣ ምርቱን ይዞ ይመለሳል። ተራ አስያዧ እኔ ነኝ። አምና ተራው በጩኸት ነበር፣ ጉሮሮዬ ይመስክር። ዘንድሮ በስልክ ሆነ። ባሕር ዳር ያለ ዮናስ የሚባል ባለሙያ አፕ ሠራልን። ገበሬው ስልኩን ሲከፍት ስሙን ያያል፣ ከስሙ ጎን ደግሞ አንዲት ክብ መብራት። ዮናስ "ስታተስ" ይላታል። እኔ መብራት እላታለሁ። የምትናገረው ሦስት ነገር ነው፤ ተራዎ ደርሷል፣ ተራዎ አልደረሰም፣ ማሽኑ ቆሟል።

ዛሬ ዮናስ ደወለና "እትዬ ብርቱካን፣ ገበሬዎቹን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ የመብራቷን ነገር እርስዎ ያስተካክሉት" ብሎ ሴቲንጉን ከፈተልኝ። ቀለሙን፣ ስፋቱን፣ ጎኗ የሚጻፈውን፣ ሁሉን። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ብሎ የሰጠኝ የለም። 

ለደረሰው አረንጓዴ። ላልደረሰው ቢጫ። ማሽኑ ሲቆም ቀይ። ይሄን ማን ያጣዋል? ጽሑፉ ነው ያስቸገረኝ። የገበሬው ስልክ ጠባብ ነው፣ "ተራዎ ደርሷል" ያልኩትም "ተራዎ አልደረሰም" ያልኩትም "ተራዎ…" ላይ ተቆርጠው አንድ ሆኑ። ስለዚህ ጽሑፉን አጠፋሁት። መብራቷ ብቻዋን ቀረች። ስታምር!

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ምናሉ፣ አፉ መቼም አያርፍም፣ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና "ብርቱካናማ የታለ? የራስሽን ስም ረስተሽ የሰው ቀለም ትቀቢያለሽ?" አለኝ።

ተራው በዕጣ ነው፣ ለነገ የወጣው ለአጎቴ ለአያ ደሴ ነው። ደስ አለኝ፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ። ክረምት ላይ አንዱ በሬያቸው ሞቶ ዘንድሮ ገብሳቸውን የሚያበራዩበት ጥማድ የላቸውም። ማሽኑ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ወደ አንበሳሜ ይሄዳል። እስከዚያ ካላስወቁ ያ ገብስ እዚያው እንደተከመረ ነው። የዓመት ቀለብ ነው፣ ዘሩም ከዚያው ነው።

ጾም ዛሬ ገባ። ጉልበቴን ያመኛል። ግን ደስ ብሎኛል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ወይ ጉድ። ወይ የእኔ ጉድ።

ሜዳው ላይ ስደርስ አህያው፣ ነዶው፣ ሰዉ፣ ገበያ የዋለ ነው የሚመስል። ሁሉም "ተራዬ ነው" ይላል። ስልካቸውን ባየው ባየው ቢጫ። ቢጫ የሆነ በሙሉ መጥቷል! አረንጓዴ ያበራሁላቸው አያ ደሴ ብቻ የሉም። ምናሉ ሞተሩን አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ አስነስቶ፣ በመጨረሻ ለጮኸ ወቃ። ኮሚቴው ደግሞ "የቀረ ወደ መጨረሻ ይዞራል" የሚል ደንብ አለው፣ ደንቡን ሲያጸድቁ እጄን ያወጣሁት እኔም ነኝ። አያ ደሴ ወደ መጨረሻ ዞሩ።

ደወልኩላቸው።

"አያ፣ ምነው ቀሩ?"

"አረንጓዴ ነው እኮ የሚለው።"

"አዎ! አረንጓዴ ነው! ለምን ቀሩ ታዲያ?"

ተቆጡ።  "አንቺ ልጅ፣ ያደግሽው የት ነው? ገብስ አረንጓዴ ሆኖ ታጭጃለሽ? አረንጓዴ እሸት ነው። ደረሰ የሚባል ቢጫ ሲሆን ነው። እኔም ገና ነው፣ አልደረሰልኝም ብዬ ከደጄ ተቀመጥኩ።"

 እዚያ ሜዳ ላይ ያለውም ሁሉ ያለኝ ይሄንኑ ነው፣ "ደረሰልን ብለን መጣን"። አንድ ቃል ነው እኮ። ተራም ይደርሳል፣ ገብስም ይደርሳል። እኔ የመኪና መንገድ መብራት አስቤ ሠራሁ፣ እነሱ ማሳቸውን አስበው አነበቡ።

ከሰዓት ሙሉ ሜዳው ላይ ቆሜ ስጮህ ዋልኩ። "አረንጓዴ ማለት ኑ ነው! ቢጫ ማለት ቆዩ ነው!" አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ "እንግዲህ አንቺ ካልሽ፣ ዘንድሮ በእሸት እንወቃለን" አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ልቤ ግን አልሳቀም።

የአምናዋ ጉሮሮዬ ተመለሰች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬስ መጻፍም አልፈልግም። ግን ለማን ልናገረው።

ትናንት እራት ላይ አያ ደሴ ያሉኝን ሳመነዥክ እውነታቸውን ነው አልኩ። ገበሬው የሚያውቀውን ትቼ በማያውቀው ለምን አስጨንቀዋለሁ? ስልኬን አነሳሁና ገለበጥኩት። ቢጫ ኑ፣ አረንጓዴ ቆዩ። ሴቭ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ጎበዝ! ከሰዓት ሙሉ "አረንጓዴ ኑ ነው" ብዬ የጮህኩበትን ሰው ረስቼ! ሰዉ ትናንት የነገርኩትን ይዞ አደረ፤ ጠዋት ስልኩን ከፈተ፣ አረንጓዴ፤ ተነሣ፣ ጫነ፣ መጣ። ተራው የደረሰው ቢጫውን አይቶ ቤቱ ተቀመጠ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እናቴ ስትለኝ የኖረችው ለዚህ ቀን ኖሯል።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። አያ ደሴም መጡ። ጎረቤታቸው "አረንጓዴ ኑ ሆኗል" ብሎ ነግሯቸው፣ የሰው አህያ ለምነው፣ ክምሩን አፍርሰው ያን ሁሉ ነዶ ጭነው መጡ። ክምር ክምር ሆኖ ሳለ ዝናብ ቢመጣ ውሃውን ከላዩ ያንሸራትታል፣ አከማመራቸውም የታወቀ ነው። የፈረሰ ነዶ ግን የተጠማ በይው፣ ያገኘውን ይጠጣል። ተመልሰው እንዳይጭኑት አህያው የሰው ነው። ሜዳው ላይ አራገፉት። በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ምናሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አጎትሽን አስቀድሚያቸው፣ ማን ያያል? እኔ ሞተሩን ላስነሣ" አለኝ። ለክፋት አይደለም፣ አዝኖ ነው። ደብተሬ፣ ላንቺ አልደብቅም፣ ጣቴ ስማቸው ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች አላየሁም፣ ከሰዉ መሀል "እንግዲህ የዘመድ መብራት መቼም አይጠፋም" ስትል ሰማሁ። እጄን ሰበሰብኩ።

አያ ደሴም ነገሩ ገብቷቸዋል። ነዶው ላይ ተቀምጠው "ተይ ብርቴ፣ የሰው ተራ ነጥቄ የበላሁት ገብስ ሆዴን ሲነፋኝ ይከርማል" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።


ሐሙስ፣ ኅዳር 18

በጠዋት ዮናስ ጋ ደወልኩ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፣ ሳቀ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ። "እትዬ ብርቱካን፣ ቀለም ብቻውን አይናገርም፣ ይሄን መጀመሪያ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጽሑፉን ይመልሱት፣ ግን አጭር ይሁን። ከጎኗ ሳይሆን እመብራቷ ውስጥ ይግባ።" ክቧን ወደ ጎን ሳብ አድርጌ ሞላላ የማደርግበትን በስልክ ነገረኝ። አንዱን ስነካ ሌላው እየጠፋ፣ ሌላውን ስነካ ያኛው እየጠፋ፣ አያሌው ምሳውን ራሱ አቅርቦ በላ።

አጭር ቃል ፈለግሁ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ "ና" እና "ቆይ"። ከዚህ የሚያጥር የት ይገኛል! ቀለሙንም ተውኩት፣ ሁለቱንም ነጭ አድርጌ በጥቁር ጻፍኩ።

ሴቭ ካልኩ ትንሽ ሳይቆይ ስልኩ መጮህ ጀመረ።

አንዱ፦ "ማን ነው እኔን ና የሚለኝ? ውሻውን ነው የሚጠራው?"

አንዷ፣ ባሏ የሞተባት፣ ተራዋ የደረሰ፦ "እቴ፣ ና ይላል፣ ነይ ግን አይልም። ለወንዱ ነው መሰለኝ ብዬ ጎረቤቴን ላክሁት።"

ወደ ሜዳው ወጣሁ። አያ ደሴ ነዶአቸውን ሲጠብቁ እዚያው ናቸው፣ ዳዊት ደጋሚ ስለሆኑ ፊደሉ አያስቸግራቸውም። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡና "ቆይ? ብርቴ፣ ቆይ አልሽኝ?" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አጎቴን! አንቱ ብዬ ያደግሁባቸውን ሰው!

እዚያው ቆሜ ቀየርኩት። "ይምጡ"። "ይቆዩ"። "ቆሟል"። ለወንዱም ለሴቷም፣ ለሽማግሌውም ለጎረምሳውም። ሦስት ፊደል፣ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ፊደል። ልክክ ብሎ ገባ! ጫፉ እንኳ አልተቆረጠ። ምናሉ አየና "አሁን ሰው ሆንሽ" አለኝ። ቀለም ጨምሪ ብሎ ቢለምነኝ እምቢ አልኩት። የቀለም ነገር ለጊዜው ይለፈኝ።

ፊደል ያልቆጠረ አለ፣ አውቃለሁ። ግን የሚያነብ ጎረቤት አይጠፋም፣ አንብቦ ደግሞ የሚከራከርበት የለም።

ማምሻውን ካፊያ ጣለ። አያ ደሴ ከአያሌው የተቀበሉትን ላስቲክ ነዶው ላይ ዘርግተው፣ ጫፍ ጫፉን ድንጋይ ጭነው፣ እዚያው ሊያድሩ ነው። ቤት ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። አያሌው ጋቢውን አውልቆ ሰጣቸው። እኔ ገብቼ ይሄው ቁጭ ብያለሁ። ጣራውን ባዳመጥኩ ቁጥር ያን ነዶ ነው የማስበው። እኔ ነኝ ክምሩን ያስፈረስኩት። አምላኬ፣ አንድ ቀን ብቻ ያዝልኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 19

እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። ከወገቤ በታች የእኔ አይደለም።

ጠዋት ሜዳው ላይ ደረስኩ፣ ሰው የለም።  ደግሞ ምን አበላሸሁ? ኋላ ነው የገባኝ። ሰው የሌለው "ይቆዩ" ስለተባለ ነው! ይምጡ የተባለው ሰውዬ አህዮቹን እየነዳ ብቅ አለ፣ ስልኩን ከሩቅ እያሳየኝ። እሱ ሲጨርስ የሚቀጥለውን ስም ነካሁ፣ ይምጡ፣ መጣ። ግፊያ የለ፣ ስድብ የለ። ምናሉ ሞተሩን ለቁርስም አላጠፋው። "ሰው ናፈቀኝ፣ እባክሽ ሁለት ሰው አሳስተሽ ጥሪልኝ" ይለኛል።

እኔ ግን ዓይኔ ሰማዩ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ጉና ጠፋ። ደመናው እየወረደ፣ ንፋሱ ገለባውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይበትናል። ከአያ ደሴ በፊት ገና ሰዎች አሉ። አንዱን ነካሁ፣ መጣ። ሌላዋን ነካሁ፣ ያቺ "ና" ያልኳት ባልቴት ናት፣ ትናንት ጎረቤቷን ስለላከች እንደቀረች አልተቆጠረባትም፣ መጣች፣ ጭነቷም ትንሽ ኖሮ ቶሎ ጨረሰች፣ ግን አልሄደችም። ነጠላዋን አሸርጣ ከአያ ደሴ ነዶ ጎን ቆመች። ከእሷ በፊት ያስወቃው ሰውዬም አህዮቹን አስሮ ተመለሰ።

ከዚያ ስማቸውን ነካሁ። አያ ደሴ ከአጠገቤ ነው የቆሙት፣ በቃል ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ነካሁት። ስልካቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ጮኸች። አውጥተው፣ ራቅ አድርገው አዩዋትና "ይምጡ ይለኛል" አሉ፣ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ።

እንግዲህ የነበረውን ጥድፊያ እንዴት ልጻፈው። ሰዉ ነዶ ያቀብላል፣ ምናሉ ማሽኑን ያጎርሳል፣ ባልቴቷ ከረጢቱን ከታች ትይዛለች፣ አያሌው የስፌት ሱቁን ዘግቶ መጥቶ የከረጢቱን አፍ ይሰፋል፣ ለካ መርፌው ለዚህም ትሆናለች! እኔ ላስቲኩን እየጎተትኩ የሞላውን እሸፍናለሁ። ከሥር ያለው ነዶ ረጥቦ ማሽኑ አልተቀበለውም፣ ማሽኑን ይዘጋል አለ ምናሉ፣ እሱን ለየነው። ጸሐይ ካገኘ ይደርቃል፣ ካላገኘ ለከብት ይሆናል፣ እንጃ። የመጨረሻው ከረጢት ላስቲክ ሥር ሲገባ ነው ዝናቡ የወረደው። ያ ዝናብ! በረዶም ነበረበት። ማሽኑ ሥር ተሰብስበን ተያየን። የሁላችንም ቅንድብ ገለባ ለብሷል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ሳቅ ያዘን።

አያ ደሴ ብቻ አልሳቁም። ቆባቸውን አውልቀው ወደ ላስቲኩ ሲያዩ ቆዩ። "ዘሩ ተረፈ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ብርቴ፣ ያን ስልክሽን አምጪው" አሉኝ።

ሰጠኋቸው። "እዚህ መብራት ላይ ለሁሉም አንድ ቃል መጻፍ ይቻላል?" ይቻላል አልኳቸው። "እንግዲያው ለሁሉም ይምጡ በይልኝ። ለመውቂያ አይደለም። ለእኔ ቤት።" ጾም ነው እኮ አያ ብላቸው "የጾም ጸበል ጸዲቅ ጸበል አይደለም ያለሽ ማን ነው? ጠላው ተጠምቋል፣ ሽሮው አለ፣ ቂጣው ይጋገራል" ብለው አፌን ዘጉኝ።

በመብራቷ ግን ለድግስ አልጫወትባትም፣ ረቡዕ ቀርተው ከአያ ደሴ ኋላ የዞሩ ተረኞች ለነገ ገና አሉ፣ ደግሞ ሜዳው ላይ ያን ሁሉ ሰው ማን ይመልሰዋል! ስለዚህ እየዞርኩ በአፌ ነው የምናገረው፣ ጉሮሮዬም ለዚህ ለዚህ አታስቸግረኝም። ለዮናስ ደወልኩለት፣ መጀመሪያ በተነሣው መኪና እመጣለሁ ብሏል። ምናሉ ማሽኑን አንበሳሜ አድርሶ ይመለሳል። ባልቴቷ፣ ሽማግሌው፣ "የዘመድ መብራት" ያለችኝም ሴት፣ ማን እንደሆነች ባላውቅም ትምጣ። የረጠበው ነዶ ይድረቅ አይድረቅ ገና አናውቅም፣ ግን ማንም እንዳይቀር። ከቅዳሴ መልስ፣ አያ ደሴ ቤት፣ እሑድ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ጽዮን ማርያም።