ለአንድ ምሰሶ ሁለት መልስ ስለሰጠው አዲሱ ኮምፒውተራችን

ለተከበሩ አቶ ደጀኔ ኦላና
የድርጅታችን ግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ሰላምና የማይነቃነቅ ጣሪያ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ደክሟቸው የቀሩ ስለመሰለኝ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የምንሠራውን ባለ አራት ፎቅ ትምህርት ቤት ምሰሶዎች የማሰላው እኔ ነኝ፤ ከሒሳቡ ሥር የሚፈረመውም የእኔ ስም ነው። ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። ምክንያቴን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የጠየቅሁት ለወርክስቴሽን፣ ማለትም ለከባድ ስሌት ሥራ፣ የተሠራ ፕሮሰሰርና የራሱን ስሕተት እየያዘ የሚያርም ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ነበር። የአምራች ስም መጥቀስ ክልክል ስለሆነ መመሪያውን አክብሬ ከሥሩ «ወይም አቻው» ብዬ ጻፍኩ። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው። ኮሚቴዎ በዚህች ቀዳዳ ገብቶ፣ ከዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሁሉ ኃይለኛ የተባለውን መርጦ፣ ስሕተት ከማያርም ሜሞሪ ጋር አጋብቶ ስላመጣልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪. ውድድሩ የተካሄደው ወንበሮቹና ጀነሬተሩ በተገዙበት የነጥብ መስጫ ቅጽ መሆኑን በአድናቆት ተረድቻለሁ። ቅጹ የፍጥነት መለኪያው ጊጋኸርዝ ለበዛለት ሠላሳ፣ ለመልክ አሥር ነጥብ ይሰጣል፤ ስሕተት ማረም የሚል ረድፍ ግን ስለሌለው የእኔ ምርጫ በዚያ በኩል ዜሮ እንኳ አላገኘም። ያሸነፈው ሣጥን ቀይና ሰማያዊ መብራት ስላለው እንግዶች እየመጡ ፎቶ ይነሱበታል፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

፫. ፍጥነቱን አልክድም፤ ቀድሞ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረውን ሒሳብ ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ያወጣዋል። ባለፈው ማክሰኞ ግን አንድ ፋይል፣ አንዲት ቁጥር ሳልነካ፣ ሁለት ጊዜ አሠራሁት። በምድር ወለሉ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል መሐል ያለችው ምሰሶ መጀመሪያ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቶን ትሸከማለች አለኝ፤ ቀጥሎ መቶ ሰባ አንድ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሙዘሚል በካልኩሌተር ሲሞክረው ለመጀመሪያው ቀረበለት። የቀሩትን ስልሳ ሦስት ምሰሶዎች በጣታችን እየቆጠርን እስከ መቼ እንደምንዘልቅ አላውቅም።

ጥፋቱ የሜሞሪው ይሁን፣ የፕሮግራሙ ይሁን ወይም የእኔ፣ እውነቱን ለመናገር አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው አለማወቄ ነው፤ የጠየቅሁት ማሽን ሜሞሪው ሲሳሳት ቢያንስ ይነግረኝ ነበር፣ ይሄኛው ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ቁጥር ይሰጠኛል። የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ብርኽቲ ኮምፒውተር እንደማይሳሳት፣ የሚሳሳተው ሰው ብቻ እንደሆነ አስረድተው አጽናንተውኛል። ጠዋት ጠዋት ከየካ አባዶ ስመጣ ታክሲው ግንባታው ጋ ሲደርስ ፊቴን አዞራለሁ። የምሰሶዎቹ ብረት ታስሮ ቆሟል፤ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ኮንክሪት ይሞላል፤ ደብዳቤ ጽፌ ላስቆመው ብሞክር ደግሞ ሥራ አደናቃፊ ተብዬ እንጀራዬን እንዳላጣ እፈራለሁ።

ስለሆነም ፍርሃቴን በግልባጭ ለመላው ሠራተኛ እያሳወቅሁ፣ ለክቡርነትዎና ፈጣን ውሳኔ ለማይሳነው ኮሚቴዎ ያለኝን ከልብ የመነጨ አክብሮት በድጋሚ አቀርባለሁ።

ሩሃማ እዝራ
የስትራክቸር መሐንዲስ (እስከ ሐሙስ ድረስ)

ማሳሰቢያ፦ እኔ አልፈርምም። ሁለቱንም መልሶች አትሜ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ደስ ያለዎትን መርጠው «ያሰላው ባለሙያ» በሚለው ቦታ ላይ ይፈርሙ። ስምዎን አስቀድሜ ስለጻፍኩልዎ ብዙ አይደክሙም።