ለልምምድ በተቀረጸ ቪዲዮ ምክንያት በቁሟ «አርፋለች» ስለተባለችው ስለ ወርቅውሃ

ለጀብራ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤት
ካርቱም

ቀን፦ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ አቶ ዘማርያም በሞተች ሰው ስም ያስጸለዩላት ወርቅውሃ ቢረሳው በሕይወት ያለች መሆኗን፣ የፊታችን እሑድ ተዝካሯ ከመውጣቱ በፊት፣ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፣

እኔ አመልካች ገሊላ ነቢዩ የማኅበሩ አባል ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጀብራ ስለሆነ አማርኛዬ እዚህም እዚያም ቢሻክር ይታገሡኝ። በቃል ለማስረዳት ቢሮው ድረስ ተመላልሼ «ነገ ነይ»፣ ሲነጋም መልሶ «ቡክራ፣ ነገ ኢንሻአላህ» ከመባል በቀር ያገኘሁት ነገር ስለሌለ፣ ይኸው በጽሑፍ መጥቻለሁ።

1. የምማረው የቪዲዮ ቀረጻና ቅንብር ነው። መምህርቴ ወይዘሮ ዮሳቤጥ ለልምምድ የሚሆን የሙዚቃ ቪዲዮ በድሮ ዘመን መልክ ሠርተን እንድናመጣ አዘዙን። እኔ ግጥሙን ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ ወርቅውሃ ዘፈነችው። ወርቅውሃ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ኢጃዛዋም ጁማ ብቻ የሆነ ልጅ ናት። ያችን አንዲት የዕረፍት ቀኗን ለእኔ ብላ ሰጠችኝ። ፀጉሯን ወደ ላይ ቆልለን፣ ወገቡ ጠበብ ያለ ቀሚስ ተውሰን አልብሰን፣ በማኅበሩ አዳራሽ መጋረጃ ፊት አቆምናት። ከዚያ በኮምፒውተር ቀለሙን አጥፍቼ ጥቁርና ነጭ አደረግሁት፤ ጭረትና ብናኝ ጨመርኩበት፤ ምስሉም አልፎ አልፎ ዘለል እንዲል አደረግሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ አዳራሹን ስትፈቅድልኝ አንድ ቅጂ ለቢሮው እንዳስቀምጥ ጠይቃኝ ነበርና አስቀመጥኩ። መምህርቴ ሥራውን አይተው «ጎበዝ» አሉኝ። የጉብዝናዬን ዋጋ ያገኘሁት እንግዲህ ከእናንተ ዘንድ ነው።

2. ጥር 13 ቀን በተከበረው የማኅበሩ ምሥረታ በዓል ላይ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አቶ ዘማርያም ያንኑ ቪዲዮ «የቀደሙት አባሎቻችን» ብለው ለእንግዶች አሳዩት። ኧረ አንድ ሰው እንኳ ምን ነበረበት ቢጠይቁ! በምስሉ ጥግ ላይ እኮ ዓምና ሁላችንም አዋጥተን ያስገጠምነው ማቀዝቀዣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ትልቅ ሰው ከፊት ወንበር ሆነው «ይህች ዘፋኝ አሁን የት ናት?» ብለው ጠየቁ። አቶ ዘማርያም «አላውቅም» ማለት አፍረው ልጅቷን ገደሏት፦ «አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር» አሉ። አዳራሹ ብድግ አለ፤ ጸሎት ተደረሰ። እኔ ከኋላ ሆኜ እጄን ባነሳ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ፣ ጸሎት ላይ ነን» ተባልኩ። ወርቅውሃ በዚያች ሰዓት ሪያድ ሆና የመዳሟን ምንጣፍ ታጥብ ነበር። ወላሂ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

3. ንግግሩ ከነቪዲዮው በማኅበሩ ገጽ ላይ ወጣ። እዚሁ የሚሠራ የአገሯ ልጅ አይቶ ወደ ደባርቅ ደወለ። ከዚያ ወሬው ከከተማ ተነሥቶ እናቷ ያሉበት ገጠር ደረሰና ለቅሶ ተቀመጡ። «ታዲያ ደውላ አለሁ አትላቸውም?» ብለዋል አቶ ዘማርያም፣ ምንም እንዳልሆነ። ደውላለች! ክቡር ሊቀመንበር፣ እርስዎም ያገር ቤት ሰው ነዎት፤ ሰው በውጭ አገር ሲሞት መርዶው እንዴት እንደሚደበቅ ያውቁታል። «ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው» ይባላል፤ ቀኑ ሲደርስ ነው ሽማግሌ የሚላከው። ስለዚህ እኛ «ደህና ናት» ባልን ቁጥር እናትየው ሞቷን አጸናንባቸው። ድምፅዋን ሲሰሙ «ይህች ታናሽ እህቷ ናት፤ ድምፃቸው አንድ ነው» አሉ። በስልክ ፊቷን እንዳታሳይ እዚያ ኔትወርኩ ምስል አያሳልፍም። ባለፈው ጁማ የተነሣችውን ፎቶ ብንልክ «የድሮ ነው» ተባልን። እሳቸውን ምን ብዬ ልውቀስ? የተማሩት ኃላፊ አዲሱን ቪዲዮ የድሮ ነው ብለው የለ! ወርቅውሃ እያለቀሰች ስትለምናቸው የመለሱላትን ቃል እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «እኔ ራሴ ስንቱን መርዶ ስደብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ልጄ ትሙት፣ እሺ፤ ግን አታሹፉብኝ።» ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሡም።

ሄዳ እንዳትታያቸው ፓስፖርቷ መዳሟ እጅ ነው፤ መዳሟም «ለበዓል እንግዳ አለብኝ፣ አትሄጂም፣ ኻላስ» ብላለች።

4. ቢሮው ስንጮህ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ቪዲዮውን ከገጹ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ማጥፋት ነው። ይህም ባሰ። በስልክ ፊቷን አይቶ ያመነን፣ ደባርቅ ያለው ወንድሟ እንደነገረን፣ ዘመዱ ሁሉ «እውነት ባይሆን ለምን ያነሡታል? ቤተሰቡ እንዳያይ ብለው ነው» እያለ ነው። ማስተካከያ አውጡ ስንል ደግሞ «እንግዶቹ አልቅሰው ነው የሄዱት፣ የማኅበሩ ክብር ይነካል» ተባልን። የማን ክብር? የአንድ ሰው ሐፍረት ከአንዲት እናት ዕንባ በልጦ ነው? እኔ እንዲህ ያለውን ክብር አላውቀውም።

5. አርባዋ ጾም ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ዘመዶቿ ተዝካሯን ለእሑድ ለቅበላ ቆርጠዋል። በጉ ተገዝቷል፤ ጠላው ተጠምቋል። እናቷ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። የአጥቢያቸው ቄስ ለወንድሟ ያሉት ይህ ነው፦ «ሞተች ብሎ የተናገረው ሰውዬ ራሱ፣ ከልጅቷ ጋር ቆሞ፣ ተሳስቻለሁ ካለ እኔ እናትየውን አስረዳለሁ።»

ስለዚህ አቶ ዘማርያም በፊታችን ጁማ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ወርቅውሃን አጠገባቸው አቁመው «ይህች ልጅ አልሞተችም፣ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ» እንዲሉ፣ ንግግሩም በማኅበሩ ገጽ ላይ በዚያው ዕለት እንዲወጣ እንዲያዝዙልኝ እጠይቃለሁ። ቀራጭ የለንም እንዳትሉ፣ እኔ እቀርጻለሁ። በቀለም ነው የምቀርጸው። ወንድሟ ቅዳሜ ማለዳ ቪዲዮውን በስልኩ ይዞ ወደ ገጠር ይወጣል።

ቡክራ የሚባል ነገር ከእንግዲህ አይሠራም። ትእዛዙ ካልተሰጠ፣ እሑድ እናትየው የልጃቸውን ተዝካር ሲያበሉ፣ ልጃቸው ሪያድ ቆማ የሰው ልብስ ትተኩሳለች።

ከንዴቴም ከሰላምታዬም ጋር፣

ገሊላ ነቢዩ
(ፊርማ)

የአቤቱታው ተካፋይ፦ ወርቅውሃ ቢረሳው
(ፊርማ)
አለሁ።