አንሶላ ላይ ለጨፈረችው የተሰጠ ሽልማት

ቴቪታ ወዳጄ፣

ከሃአፓይ ደሴቶች እየሳቅሁ ነው የምጽፍልህ። ፊፊታ የሠራችውን ፊልም ትናንት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ አንሶላ ወጥረን አሳየነው። እናንተ የዋና ከተማዋ የኑኩአሎፋ ሰዎች ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ጭጭ ብላችሁ አይታችሁ መበተናችሁን አልረሳችም። «የእናቴ አገር ሰዎችም ዝም ካሉኝ ካሜራዬን እሸጣለሁ» ብላ ነው የመጣችው።

ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሙሽራ እንደ ወጉ ዘይት ተቀብታ መጨፈር ስትጀምር፣ እማማ ካሎላይኔ የሚባሉ ባልቴት ብድግ ብለው የአሥር ፓአንጋ ኖት አንሶላው ላይ ለጠፉላት። ወደቀ። ደግመው ለጠፉ፤ አሁንም ወደቀ። አዳራሹ አውካካ።

«እማማ፣ ጥላ እኮ ናት!»

«ጥላስ ብትሆን? እንዲህ የጨፈረች ልጅ ሳትሸለም ትግባ? እሺ፣ ማን ነው ያስጨፈራት?»

ሰው ሁሉ ወደ ፊፊታ ጠቆመ። እማማ መጥተው ብሩን ላብ ባጠመቀው ግንባሯ ላይ ለጠፉት። ያዘ! ከዚያማ ሰዉ ተሰለፈላት። ፊልሙንም «ከመጀመሪያው አሳዩን» ብለው አላስወጡንም።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አንተ ግን ካሜራዋን ልትገዛ የቋመጥከው፣ ቁርጥህን እወቅ፤ አይሸጥም።

ሎሴ